«አንድ በመቶ አይሞላም» ሲባል ምን ሰማችሁ?

(በሰሃላ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ለፀረ ኤድስ ክበብና ለሚኒ ሚዲያ አባላት ከተደረገ ንግግር)

ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ፤ ድምፅ ማጉያው ዛሬም አኩርፏል።

ዛሬ ስለ መታቀብና ስለ ኮንዶም ላስተምር አልመጣሁም። እሱን እናንተ በድራማ ከእኔ አሳምራችሁ ታቀርቡታላችሁ። የመጣሁት ስለ ወሬ ላወራችሁ ነው፤ ስለ ጤና ጥናት ወሬ። አንድ ጥናት ከተመራማሪው እጅ ወጥቶ፣ በሬዲዮና በቴሌግራም አልፎ እዚህ ሰሃላ እስኪደርስ ምን ይጎድልበታል? ምንስ ይጨመርበታል?

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በያዝኩበት ዓመት በአንድ የቡና ጠጡ ውይይት ላይ «በአገራችን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች አንድ በመቶ አይሞሉም» ብዬ ተናገርኩ። ከዜና የሰማሁት ነው። ሰው ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ውይይቱ ሲያልቅ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ እንግዲያው ከመቶ ሰው አንዱ ካልገጠመኝ ምን ያሰጋኛል?» አለኝ። በማግሥቱ የደም ምርመራ ሊያደርግ ቀጠሮ የያዘ ልጅ ነበር። ሳይመጣ ቀረ።

የተናገርኩት ቁጥር ውሸት አልነበረም እኮ! እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ላይ ያገኘው 0.9 በመቶ ነው። ዜናው እዚህ ላይ ያቆማል። የጥናቱ ሪፖርት ግን ይቀጥላል፤ በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4፣ በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6፣ በጋምቤላ 4.8፣ በአማራ ክልል 1.2 በመቶ እያለ ይዘረዝራል። የከተማው ከገጠሩ ሰባት እጥፍ ነው። እናንተ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሱ ወዴት ነው የምትሄዱት? ሰቆጣ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ አይደለም?

አማካይ ማለት ይህ ነው። የክልሉ አማካይ ዝናብ ጥሩ ነው ቢባል የዋግ ገበሬ ምን ይላችኋል? ጎጃምና ዋግ ተደምረው ለሁለት ቢካፈሉ የዋግ ማሳ አይረጥብም። ሌላም ነገር አለ። ያ ጥናት የተነደፈው ስለ አገርና ስለ ክልል እንዲናገር ነው፤ ስለ አንድ ወረዳ አይናገርም። ስለዚህ «በሰሃላ ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ ከእሱ የሚጠቅስ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።

እናንተ ሳትወለዱ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ለ2003 የወጣው የአገሪቱ ግምት 4.4 በመቶ ነበር። የ2005ቱ ጥናት ግን 1.4 በመቶ አገኘ። ይህን ያየ ሰው «ሥርጭቱ በሁለት ዓመት ከግማሽ በላይ ወረደ!» ብሎ ርዕስ ለመጻፍ ምን ያግደዋል? ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው ግን የመለኪያው መለወጥ ነው። የፊተኛው ግምት የተሰላው ለእርግዝና ክትትል ጤና ተቋም ከመጡ እናቶች ደም ነው፤ ተቋማቱም የሚበዙት በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ነበር። የኋለኛው ቤት ለቤት ዞሮ ወንዱንም ሴቱንም፣ ከመንገድ የራቀውንም መረመረ። በኋላ ባለሙያዎች የሁለቱን መረጃ አገናዝበው ለ2007 2.1 በመቶ የሚል አንድ ግምት አወጡ። በሳይንስ መጽሔት ላይ «እንዴት አጠናነው» የሚለው ክፍል ብዙ ቦታ የሚይዘው ለዚህ ነው። ዜና ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው። ጋዜጠኛው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የተሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት «የኤድስ ክትባት ተገኘ» ብላችሁ አንብባችኋል። አትሳቁ፣ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ከቴሌግራም እንዳገኛችሁት አውቃለሁ። ነገሩ ሌናካፓቪር ስለሚባለው መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰኔ ላይ ውጤቱን መጀመሪያ የተናገረው መድኃኒቱን የሚሠራው ጊልያድ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ሙሉው ጽሑፍ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣው ሐምሌ ላይ ነው። በመካከሉ ዜናው ዓለምን ዞሯል።

ጽሑፉ ምን ይላል? ጥናቱ የተደረገው በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ፣ ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ፣ ቫይረሱ በሌለባቸው ሴቶች ላይ ነው። መርፌውን በየስድስት ወሩ ከወሰዱት 2134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። እውነት ነው፣ ደስ ይላል! በየቀኑ ክኒን እንዲውጡ ከተመደቡት በሁለት ቡድን 39 እና 16 ተይዘዋል። ታዲያ ክኒኑ አይሠራም ማለት ነው? አይደለም፤ ደማቸው ሲታይ አብዛኞቹ ክኒኑን በትክክል አልወሰዱም። ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያው ራሱ መሆኑም እዚያው ተጽፏል። መርፌው ደግሞ ክትባት አይደለም። ክትባት ሰውነት ራሱ እንዲከላከል ያስተምራል፤ ይህ ግን በሰውነት ውስጥ ቆይቶ የሚያልቅ መድኃኒት ነው፤ ካልታደሰ መከላከሉም ያበቃል።

ለምን እንዲህ አጠብቃለሁ? አንዲት እናት ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቷን ሦስት ሳምንት አቋርጣ ቢሮዬ መጣች። «መርፌው እስኪመጣ ልረፍ ብዬ ነው» አለችኝ። ተማሪ ልጇ ከስልኩ ላይ «ተገኘ» የሚለውን ብቻ ነበር ያነበበላት። መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ መልሶ ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። እንደ ዕድል ቶሎ ተመለሰች። ልጁ ግን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ እናቱን የሚጠቅም መስሎት ነበር።

የምርምር መጽሔት ላይ የወጣ ሁሉ ትክክል ነው አልልም። ሌሎች ባለሙያዎች ሳይወጣ አይተው ቢተቹትም ስሕተት ያመልጣል። በዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰንጠረዡ ያደክማል፤ እኔም በዲግሪዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ካላነበብኩት አይገባኝም።

ያነበባችሁትን ዜና ትናንት ማታ እንደገና ጻፍኩት። ስሙኝ፦ «በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በወጣት ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በየስድስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ በቫይረሱ ያልተያዙ ሴቶችን ከመያዝ ጠብቋል። መርፌው ክትባት አይደለም። መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያሉ ወገኖች መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ።»

ረዘመ አይደል? እስቲ እናንተ አሳጥሩትና ነገ በእረፍት ሰዓት አንብቡት። «ያልተያዙ» የምትለዋን ቃል ብቻ እንዳትነኩብኝ።