አሮጌው ኮምፒዩተርና የቤት ውስጥ ሙዚቃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል፤ ይኸውም ከአገልግሎት የወጣን ኮምፒዩተር የቤት ሙዚቃ ማስቀመጫና ማሰሚያ፣ በዘመኑ አጠራር ሰርቨር፣ ስለ ማድረግ ነው። በየቤታችን ከአልጋ ሥር በካርቶን የተቀመጡትን ካሴቶች ለሚያስብ ሰው ግን ጉዳዩ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከአምሃ ሬኮርድስ ሸክላዎች ብዙዎቹ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ዳግም ታትመው ከጥፋት ድነዋል። በካሴት ብቻ ወጥቶ የቀረው ሥራ፣ ይልቁንም በቤተ ሰብ የተቀዳው ሠርግ፣ ምርቃትና ከባሕር ማዶ በድምፅ የተላከ ደብዳቤ፣ እንዲህ ያለ አሳታሚ አይጠብቀውም።

ማሽኑን በሚመለከት ጊዜው የተመቸ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማቆሙ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር መስፈርቱን የማያሟሉ፣ ዳሩ ግን በአካላቸው ምንም ያልጎደላቸው ኮምፒዩተሮች ሥራ ፈትተዋል። ደቢያን የተባለው ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት ቢጫንባቸው ለዚህ ተግባር ከበቂ በላይ ናቸው። ስሌቱ ይህን ያሳያል። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ 16 ቢት ነው፤ የግራውና የቀኙ መስመር ሲደመሩ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። ይህ 100 ሜጋቢት ከሚያስተላልፍ ያረጀ የኔትወርክ መስመር ላይ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይወስድም። የአንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋባይት ያህል ነው። ስለዚህ ባለ 60 ደቂቃ የሆኑ 200 ካሴቶች 127 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ ከድምፁ ምንም ሳይጥል በሚያሳጥረው ፍላክ በተባለው ዘዴ ሲቀመጡ ደግሞ መጠኑ በብዙ ይቀንሳል።

ምርጫ ካለ ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይልቅ ላፕቶፕ እመርጣለሁ። ሌት ተቀን 60 ዋት የሚስብ ማሽን በዓመት 525 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 12 ዋት የሚስበው 105 ብቻ ይፈጃል። ከዚህም በላይ መብራት ድንገት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ፋይል በመጻፍ ላይ ያለውን ዲስክ ከብልሽት ያድናል። ባትሪው አብጦ ከተገኘ ግን ያለ ማመንታት ይውጣ፤ የእሳት ምክንያት ነውና። ሙዚቃውን ከማሽኑ ራሱ በአምፕሊፋየር ለማሰማት ኤም ፒ ዲ፣ በየክፍሉ ወዳሉት ስልኮች ለመላክ ናቪድሮም የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ስለ አጫጫናቸው በዚህ ጉባኤ ፊት መዘርዘር ድፍረት ይሆንብኛል።

ድካሙ ያለው በካሴቱ ዘንድ ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ የሚነበብ ስለሆነ 200ውን ለመገልበጥ 200 ሰዓት ያስፈልጋል፤ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ቢሠራ ከስድስት ወር ይበልጣል። የቴፑ ሄድ በአልኮል ይጸዳ፤ አቀማመጡም በትንሿ ብሎን እየተስተካከለ ቀጭኑ ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበት ቦታ ለየካሴቱ ይፈለግ። የቅጂው መጠን ከጣሪያው በታች ይሁን፤ ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። የሹክሹክታ ማጥፊያ ፕሮግራም ለሚሰማው ቅጂ ካልሆነ በቀር በዋናው ቅጂ ላይ ባይነካ እመክራለሁ፤ ከሹክሹክታው ጋር የማሲንቆውን ጅራፍ ሲያጠፋው ሰምቻለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስም ማውጣቱ ነው፤ በዚህ ረገድ የፕሮግራሞቹ ደራሲዎች እኛን አላሰቡንም። ማሕሙድ አሕመድን አንዱ በሐመሩ «ሕ»፣ ሌላው በሃሌታው «ህ» ይጽፈዋል፤ ለማሽኑ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባንዱ ሲፈለግ ሌላው አይገኝም። ዓለማየሁ እሸቴም በዐይኑና በአልፋው እንዲሁ ይከፈላል። በአባት ስም የሚደረድር መዝገብ ደግሞ ጥላሁንን «ገ» ውስጥ ይደብቀዋል። ስለዚህ ቀድሞ አንድ አጻጻፍ መርጦ በደብተር መዝግቦ በዚያው መጽናት ያሻል።

ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በካሴቱ ላይ 1966 ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ ብናስገባው፣ ማሽኑ እ.ኤ.አ. በመቁጠር ዘፈኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። እኔ ቁጥር ብቻ በሚቀበለው ሣጥን እ.ኤ.አ.ውን፣ በማስታወሻው ሣጥን የኛውን አቆጣጠር ከነ«ዓ.ም.»ው እጽፋለሁ። በእጄ ካለፉት ካሴቶች ብዙዎቹ ግን ዓመትም፣ የአጃቢ ስምም፣ አንዳንዶቹም ልባስ እንኳ የላቸውም። የሚያውቁት ያኔ ሲገዙ የነበሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። አንድ ባልደረባዬ አባቱን ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጦ፣ «ይህን ክራር የሚመታው ማነው?» እያለ ሲጠይቅ ከርሞ፣ ካሴቶቹ ሳያልቁ አባቱ ዐረፉ፤ የቀሩት ሠላሳ ያህል ካሴቶች ዛሬም በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። እንግዲህ ዲስኩና ፕሮግራሙ እስኪሟላ አይጠበቅ፤ ደብተርና እርሳስ ይዞ ከሽማግሌው ጋር መቀመጡ ይቅደም።

የተገለበጠው ሁሉ በቤት ውስጥ ብቻ ይሰማ፤ የዘፋኞቹ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለሆነ በኢንተርኔት መልቀቁ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ቅጂ ደግሞ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ተከፍቶ ይሰማ። አብረው በአንድ ሣጥን የሚሽከረከሩ ሁለት ዲስኮች ከሌባና ከእሳት አያድኑም። ካሴቶቹንም ከተገለበጡ በኋላ አትጣሏቸው፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከድምፅ ማጉያ ማግኔት ርቀው፣ ወደ አንድ ወገን በሙሉ ተጠምጥመው በቁማቸው ይቀመጡ።