መጀመሪያ ማሳውን እዩ



መስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነው። ምእመናንን የጫኑ ሚኒባሶች መዝሙር ከፍተው የአምባሰልን ዳገት ይያያዙታል። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ከስፒከሩ ፉጨት ይነሣል፤ ሞተሩ በጮኸ ቁጥርም እየቀጠነ ይሄዳል። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች አንዱ በስሙ በሚጠራበት አገር ዜማ እንዲህ ሲበላሽ ዝም ማለት አይገባም። ብዙዎች አምፕሊፋየሩ ሞተ ብለው ሌላ ይገዛሉ። እኔ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የታሰረውን የነጌቲቭ ገመድ፣ እዩ እላለሁ።

ፉጨቱ የሚመነጨው ከዲናሞው ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል በዳዮድ ቢጣራም ጥቂት ሞገድ ይቀርበታል። ቴፑ ማሳውን ከዳሽቦርዱ፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ይይዛሉ። በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት ካለ ሞገዱ በድምፅ ገመዱ ይገባና ከመዝሙሩ ጋር ጎልቶ ይወጣል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ ማሳው በታሰረበት ብረት ላይ ያለ ቀለምና ዝገት ነው። ክረምቱ ብረቱን ያዝገዋል፤ ኮረኮንቹ ብሎኑን ያላላዋል። ይህን ግንኙነት በኦም መለካት አያዋጣም። 0.1 ኦም በተራ ቴስተር ዜሮ ይመስላል፤ 40 አምፒር ሲያልፍበት ግን 4 ቮልት ይበላል። 14 ቮልት የነበረው 10 ሆኖ ሲደርስ አምፕሊፋየሩ ባስ በመታ ቁጥር ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ድምፁም ከፍ ብሎ ሳለ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ማሳ ላይ አሳርፉ። ግማሽ ቮልት ከደረሰ ብሎኑን ፍቱት፣ ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከባትሪው ወደ ቦዲ የሚሄደውንም ገመድ አትርሱ፤ እሱ ከቀጠነ የኋላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ማሳው ደህና ሆኖ ፉጨቱ ካልቀረ አምፕሊፋየሩን አጥፉና የድምፅ ገመዱን ነቅላችሁ አምፕሊፋየሩን መልሳችሁ ክፈቱ። ጸጥ ካለ ችግሩ ከቴፑ ወይም ከገመዱ ነው። የድምፅ ገመዱንና የኃይል ገመዱን በመኪናው ሁለት ጎን ለያይታችሁ ዘርጉ።

ገመድ ሲዘረጋ ግን ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳያስገቡ ቀዩን የኃይል ገመድ ወደ ኋላ መሳብን አጥብቄ እቃወማለሁ። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ገመዱን አያድንም። ገመዱ ከወንበር ሥር ተልጦ ብረት ቢነካ የባትሪው ኃይል ሁሉ በእሱ ይወርዳል፤ ሰው በሞላበት መኪና ውስጥም እሳት ይነሣል። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር አይራቅ፤ መጠኑም በገመዱ ውፍረት ይወሰን።