የነጋሪቱ ድምፅና የአዋጁ ቃል
የኃይል ምንጭ ለውጥ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚነገርበት ሥርዓት ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የላፕቶፕ ኮምፒዩተር ገመድ ከሶኬቱ ሲነቀል ባለቤቱ የሚያየው ምናልባት የስክሪኑን መደብዘዝ ብቻ ነው። በውስጡ ግን ወሬውን መስማት የሚገባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሳይሰማ ቢቀር ማሽኑ በገመድ የሚሠራ መስሎት ባትሪውን አሟጦ፣ ያልተቀመጠ ሥራ እንደያዘ ይጠፋል። ስለዚህ «ወሬውን ማን ለማን ያደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ጉዳይ መልካም ምሳሌ የሚሆነው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.6.23 እትም ባትሪንና ቻርጀርን በአንድ ወገን የሚያስተዳድር ክፍል ተጨመረለት። በዚህ ሥርዓት የቻርጀሩ ድራይቨር ሲመዘገብ የሚመግባቸውን ባትሪዎች ስም ማስመዝገብ ይችላል። ለውጥ ሲኖር «ተለውጧል» ብሎ ለማዕከሉ አንድ ጊዜ ይናገራል። ማዕከሉም ወሬውን ለተመጋቢዎቹ ባትሪዎች፣ ለመስማት ለተመዘገቡ ሌሎች ድራይቨሮችና ለተጠቃሚው ፕሮግራሞች ያዳርሳል። ከዚህም የተነሣ ተናጋሪው የሰሚዎቹን ማንነት ማወቅ አያስፈልገውም።

ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ኢንተራፕት በደረሰበት ቅጽበት ነው፤ በዚያም ሰዓት ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድለትም። በመሆኑም ማዕከሉ አንድ ምልክት አኑሮ ሥራውን ለጥቂት ጊዜ ያቆየዋል፤ ወሬው እስኪዳረስም ማሽኑ እንዳያንቀላፋ ያግደዋል።

ዋናው ነጥብ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ገመዱ ተነቅሎ ወዲያው ቢሰካ ሁለቱ ለውጦች እንደ አንድ ወሬ ሊደርሱ ይችላሉ። የወሬውን ብዛት እየቆጠረ «አሁን በገመድ፣ አሁን በባትሪ» የሚል ድራይቨር ያን ጊዜ ይሳሳታል። ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ ይሰበሰባል እንጂ የአዋጁን ቃል ከነጋሪቱ ድምፅ አያውቅም። ሰሚውም እንዲሁ ጥሪውን እንደሰማ የወቅቱን ሁኔታ ራሱ ማንበብ አለበት። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኤሲፒአይ የተባለው ደንብም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ከአዳፕተሩ ምልክት ሲመጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መልሶ «ገመዱ አለን?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የቅደም ተከተል ነው። ማስታወቂያው ያለፈውን ስለማይደግም፣ አዲስ የተነሣ ድራይቨር በቅድሚያ መመዝገብ፣ ቀጥሎም ሁኔታውን ማንበብ ይገባዋል። አስቀድሞ አንብቦ በኋላ ቢመዘገብ በመካከል የሆነው ለውጥ ያመልጠዋል።

መብራት ጠፍቶ ወዲያው በሚመለስበት አካባቢ እንዲህ ያሉ ተከታታይ ለውጦች እንግዳ አይደሉም። እንግዲህ ለዚያ አካባቢ ድራይቨር የሚጽፍ መሐንዲስ ሥራውን ሲፈትሽ ገመዱን አንድ ጊዜ ነቅሎ ማየቱ አይበቃውም፤ ፈጥኖ እየነቀለና እየሰካ መጨረሻ ላይ የተመዘገበው ሁኔታ ከሶኬቱ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።