ዞር ብሎ ማየት



ነሐሴ 1996 ዓ.ም.፣ የአቴንስ ኦሊምፒክ፤ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ፍጻሜ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ናቸው። አንጋፋው ኃይሌ ገብረሥላሴ ግን የእግር ጉዳት ይዞት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሁለቱ ወጣቶች ደጋግመው ዞር እያሉ አዩት፤ እንዲደርስባቸውም ፍጥነታቸውን ቀነስ አደረጉ። ኃይሌ አልደረሰባቸውም፤ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ወሰዱ። ያን ምሽት በልባችን የታተመው ግን ሜዳሊያው ብቻ አይደለም፤ ያ ዞር ብሎ ማየት ጭምር ነው።

እኛ ቡድን የምንመራ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ዞር ብለን አናይም፤ ዓይናችን ግቡ ላይ ብቻ ይተከላል። ጨዋታ ወዳድ የነበረችው ባልደረባችን ዝም ስትል፣ ስብሰባ ላይ ይከራከር የነበረው ሰው «እሺ» ብቻ ማለት ሲጀምር፣ የሆነ ነገር እየነገሩን ነው። ይህ ግን በሪፖርት ላይ አይጻፍም። የራሳችንንም ፊት እንይ፤ አለቃ ተቆጥቶ ከገባ ቢሮው በሙሉ እውነቱን ይደብቃል።

ዛሬ ሥራ ስትገቡ «ሥራው የት ደረሰ?» ከማለታችሁ በፊት «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» በሉ። መልሱንም ቆም ብላችሁ ስሙ። አብሮ የሚደርስ ቡድን የሚገነባው እንዲህ ነው።