«ወጣ» ስለምትባል አንዲት ቃል



በአሶሳ ዞን፤ በመንጌ ወረዳ፤ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ሕፃኑን «ውጣ!» ቢለው፤ ሕፃኑም ደብተሩን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ቢሄድ፤ ጥፋቱ የማን ይባላል? መምህሩ ማለቱ «ወደ ሰሌዳው ወጥተህ ጻፍ» ነበር። ሕፃኑ የሰማው ግን «ከዚህ ቤት ሂድ» የሚለውን ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይላልና ሕፃኑ አልተሳሳተም። አማርኛን በእናቱ ጀርባ ሳለ የሰማ ልጅ የመምህሩን ዓይንና እጅ አይቶ ነገሩን ይለየዋል፤ በቤቱ የበርታን ቋንቋ የሚናገር ልጅ ግን ቃሉን ብቻ ይዞ ይቀራል።

የዚህች ቃል ሸክም ብዙ ነው። ሰው ከቤት ይወጣል፤ ዳገት ይወጣል፤ ዛፍ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ትወጣለች፤ የሕፃን ጥርስ ይወጣል፤ በወንዝ ዳር አሸዋ ለሚያጥቡትም ወርቅ ይወጣላቸዋል። ዕጣ ይወጣል፤ ዐዋጅ ይወጣል፤ ገንዘብ ይወጣል፤ የሟች ነፍስ ትወጣለች። በፈተና የቀደመው ልጅ «አንደኛ ወጣ» ይባላል፤ ከሁሉ በታች የሆነውም «መጨረሻ ወጣ» ይባላል እንጂ «ወረደ» አይባልም!

እንዲህ ያለው ሸክም በአማርኛ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በታተመው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከሁሉ የሚበልጠውን ስፍራ የያዘው «ሰት» የሚባል አጭር ግስ ነው፤ ማዕድ ሲዘረጋም፤ ፀሐይ ስትጠልቅም፤ እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይናገራሉ።

የ«ወጣ» ነገር የሚገለጠው ወደ ግእዝ ሲመለሱ ነው። በግእዝ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ «ወፅአ» ይባላል፤ እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ «ኦሪት ዘፀአት» መባሉ ከዚህ ነው። ከታች ወደ ላይ መውጣት ግን «ዐርገ» ነው፤ ዕርገት የሚለው ስም ከዚያ መጣ። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ «ሠረቀ» ይባላል፤ ምሥራቅም ከዚሁ ተገኘ። አማርኛ ዕርገትንና ምሥራቅን በስምነት ጠብቆ ሲያኖር፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ሁሉ በ«ወጣ» ላይ ጫነው።

ቁርኣን የቀሩ የመንጌ ሽማግሎች ይህን ልዩነት በሌላ መንገድ ያውቁታል። በመጽሐፍ ዐረብኛ ከቤት የወጣ ሰው «ኸረጀ» ይባላል፤ ተራራ የወጣ «ጠለዐ» ይባላል፤ ፀሐይም «ጠለዐት»። የበርታ ቋንቋ ከሴም ቋንቋዎች ወገን አይደለም፤ ዐረብኛ ግን የግእዝና የአማርኛ ዘመድ ነው። እንግዲህ ለአማርኛ መምህር ረዳቱ ሩቅ አይደለም፤ አንዱን ሽማግሌ ወደ ክፍሉ ጠርቶ ሁለቱን የዐረብኛ ቃላት ለልጆቹ እንዲያስረዱ ቢለምን፤ የግማሽ ቀን ድካም ይቀርለታል።

ሌላው መንገድ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። የትርጕም ዝርዝር ማስጠናት ልጅን ያሰለቻል፤ ተቃራኒ መፈለግ ግን እንደ እንቈቅልሽ ነው። ከቤት የወጣ ይገባል፤ ከዛፍ ላይ የወጣ ይወርዳል። ገንዘብም ይወጣል፤ ይገባል፤ ነጋዴ መዝገቡን ወጪና ገቢ ብሎ የሚከፍለው ስለዚህ ነው። ፀሐይ ጥቂት ታስቸግራለች፤ ዐረብኛ ከተራራው ጋራ ሲያኖራት አማርኛ «ገባች» ወይም «ጠለቀች» ይላልና። ጥርስ ሲወጣ ግን ተቃራኒው «ወለቀ» ነው፤ ልጆቹም ይህን ሳይነገራቸው ያገኙታል።

ሦስተኛው ነገር ከቃሉ ፊትና ኋላ የሚጣበቁት ትንንሽ ፊደላት ናቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሹት እነዚህ ናቸው። «ፈቃድ ወጣለት» የተባለ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ «የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት» የተባለው ግን ይታሰራል። ልዩነቱ «ለት» እና «በት» ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት (ይህም «ወጣ» ነው!) ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን ራሳቸው በሕግ እንዲወስኑ ፈቅዷል፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ለመንጌ አባት በሁለተኛ ቋንቋው ይደርሰዋል። ከገበያ የተመለሰ ጎረቤት «የሴት ልጅህ ስም ወጥቷል» ቢለው ምን ይረዳ? በዝርዝሩ ላይ ወጥቶ ከሆነ ልጅቱ ተቀባይነት አግኝታለች፤ ከዝርዝሩ ወጥቶ ከሆነ ተሰርዛለች። ጎረቤቱ አልዋሸም፤ «ከ» ወይም «ላይ» የምትለዋን ብቻ በመንገድ ጥሏታል።

ማስታወቂያ የሚያነብ መምህር ወይም ሽማግሌ ያችን ፊደል ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ያሰማ፤ ከዚያም ሰሚውን «ገባች ማለት ነው ወይስ ተሰረዘች?» ብሎ ይጠይቅ። አባትየው በምዝገባው ቀን ልጁን ይዞ መምጣቱ ወይም በቤት ማስቀረቱ የሚቈረጠው በዚያ መልስ ነው።