ሞተር በደጋ አገር፦ ስለ ነዳጅና ስለ አየር ግፊት የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሞተር ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ሞተር ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ገብሳችንን የሚፈጨው ሞተር ነው። በጎቻችንን ገበያ፣ በሽተኛችንን ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም ሞተር ነው። ወፍጮው ቢቆም እህሉን አዝላ ሌላ ቀበሌ የምትሄደው እናት ናት። መኪናው ዳገት ላይ ቢቆም ብርድ ላይ የሚያድረው ተሳፋሪው ነው። ስለዚህ ነገሩ የመካኒክ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

እሳት ምን ይፈልጋል?

ሞተር ማለት እሳት በብረት ቤት ውስጥ ተዘግቶ ሲሠራ ማለት ነው። እሳት ደግሞ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ የሚቃጠል ነገር፣ ሁለተኛ አየር። ምድጃ ውስጥ ኩበት ብታበዙና አየር ብትነፍጉት ምን ይሆናል? ቤቱ በጭስ ይታፈናል እንጂ ድስቱ አይፈላም። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ከሰል ብቻ አይጨምርም፤ ወናፉንም ይነፋል። ከሰሉና ወናፉ ሲመጣጠኑ ብረቱ ይግላል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ነዳጁና አየሩ መመጣጠን አለባቸው።

የደጋ አየር ስስ ነው

መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ይሳሳል። ጅቡቲ ላይ አየሩ 10 ቢሆን እዚህ 7 ያህል ነው። ማስረጃው በየቤታችን አለ። የባቄላ ንፍሮ በቆላ ቶሎ ይበስላል፤ በደጋ ግን ይዘገያል። ምክንያቱም በባሕር ጠረፍ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሲሆን በእኛ ደጋ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሚጫነው አየር ስላነሰ ውኃው በደንብ ሳይግል ይንተከተካል።

ሞተርም በደጋ ትንፋሽ ያጥረዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. አሜሪካኖች አንድ የአውሮፕላን ሞተር ተራራ ላይ አውጥተው ፈትነው ነበር። የተራራው ስም ፓይክስ ፒክ ይባላል፤ ቁመቱ 4300 ሜትር ነው። ከእኛ አቡዬ ሜዳ ትንሽ ይበልጣል። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ገደማ ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት ግን ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

ተርቦ ምንድን ነው?

ተርቦ የሞተር ወናፍ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበት ሥራ ነው። ሞተሩ የሚተፋው ጭስ አንዲት ትንሽ ጎማ መሰል ነገር ያሽከረክራል። እሷም በአንድ ዘንግ የተያያዘችውን ሌላዋን ታሽከረክራለች። ሁለተኛዋ አየር እየሳበች በግድ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በደቂቃ ከ100000 ዙር በላይ ሊደርስ በሚችል ፍጥነት ነው።

ታዲያ አየር ሲጨምር ነዳጁም በልኩ መጨመር አለበት። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ግፊት በግፊት ላይ

በመጀመሪያ የቤንዚን መኪና እንመልከት። ነዳጁን የሚገፋው ፖምፓ ነው። በብዙ መኪና ግፊቱ 3 ባር ያህል ነው። ባር የግፊት መለኪያ ነው። እንግዲህ ተርቦው አየሩን በ1 ባር ቢገፋ፣ ነዳጁ የሚገባው እየገፋ በሚመጣ አየር ላይ ነው። በነፋስ ፊት እህል እንደመዝራት ማለት ነው። ሂሳቡን እናስላ።

3 ሲቀነስ 1 = 2።

ለነዳጁ የቀረው 2 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ የነዳጁ ግፊት ወደ 4 ማደግ አለበት።

4 ሲቀነስ 1 = 3።

አሁን ልክ መጣ። አየሩ በጨመረ ቁጥር የነዳጁም ግፊት በዚያው መጠን ይጨምራል። ይህን የሚያደርግ የግፊት ማስተካከያ አለ፤ የአየሩን ግፊት በአንዲት ቀጭን ቱቦ ይሰማል። ፖምፓው ካረጀ ወይም ፊልትሮው ከተደፈነ ግን ነዳጁ የሚያንሰው ሞተሩ በጣም በሚፈልገው ሰዓት፣ ዳገት ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር በተርቦ ሲገፋ ነዳጅ ካነሰው ይግላል፣ ይንኳኳል፣ ፒስቶኑም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ጌጁ መኪናው ቆሞ ሳለ 3 ማሳየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። መለካት ያለበት ሞተሩ ጭነት ላይ ሳለ ነው።

የናፍጣ ሞተር ግን በተቃራኒው ነው

የጭነት መኪናዎቻችንና የወፍጮ ሞተሮቻችን በአብዛኛው የሚሠሩት በናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚጎዳው ነዳጅ ሲያንሰው አይደለም፤ ሲያንሰው ይደክማል እንጂ አይቃጠልም። የሚጎዳው ነዳጅ ሲበዛበት ነው። አየር ያላገኘ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱም ይንራል። ፒስቶን የሚሠራበት አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። «ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው፤ የከፈላችሁበት ገንዘብ ነው ሰማይ የሚወጣው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከለሚ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል የወረደ አይሱዙ እህል ጭኖ ወደ ዓለም ከተማ ሲወጣ ጉልበት አጣ እንበል። ብዙ ሰው የሚለው «ፖምፓውን ክፈትለት» ነው። የፖምፓውን ብሎን ሲያዞሩት ናፍጣ ይጨምራል፤ ለጊዜው መኪናው ይነሳል። ግን በሽታው አልተነካም። በብዙ ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተር ላይ ከአየር መግቢያው ወደ ፖምፓው የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። «አየር መጥቷልና ናፍጣ ጨምር» ብላ ለፖምፓው የምትነግረው እሷ ናት። እሷ ከተሰነጠቀች ፖምፓው አየሩ መምጣቱን አያውቅም። የአንዲት ትንሽ ቱቦ ብልሽት ነው እንግዲህ በብሎን ምክንያት ሞተር የሚያስበላው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

ወፍጮ ላይም ሂሳቡ ያው ነው። በደህና ጊዜ በሰዓት 2 ሊትር የሚበላ ሞተር፣ ብሎኑ ተዞሮ 2 ሊትር ተኩል ቢበላ፣ በቀን 6 ሰዓት ሲሠራ 3 ሊትር ይባክናል። በወር 20 ቀን ቢሠራ 60 ሊትር ነው። ይህ ከእናንተ ከፈጪዎቹ ኪስ የሚወጣ ነው።

እጃችሁን ጠብቁ!

ይህን በደንብ ስሙኝ። የመኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ያህል ነው። የቆየ የናፍጣ ሞተር ኢንጀክተር ግን የሚከፈተው በ200 ባር ገደማ ነው። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ግፊቱ ከ1600 ባር ያልፋል። ይህ ቀጭን ፍንጣቂ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ይመስላል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል። ውስጡ ግን ናፍጣ ገብቶ ሥጋውን ይገድላል፤ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም። ሞተሩን አጥፉ። ናፍጣ የተወጋ ሰው ካለ «ትንሽ ናት፣ ትድናለች» አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ምን እናድርግ?

1. ሞተር ጉልበት ሲያጣ ብሎን ከማዞር በፊት የአየር ማጣሪያውን፣ የናፍጣ ፊልትሮውንና ቀጭኗን ቱቦ እንይ።

2. ናፍጣ ከበርሜል ስንቀዳ አስቀድመን እናሳድረው። ውኃና ቆሻሻ ከሥር ይዘቅጣል። ከሥር ያለውን አንቅዳ።

3. ባለ ተርቦ ሞተር ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ወዲያው አይጠፋ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀስ ብሎ ይዙር፤ ተርቦው በዘይት እየታጠበ ይቀዝቅዝ።

4. ነዳጅ የሚጨምር መካኒክ አየሩንና ግፊቱን በጌጅ ይለካ። ሳይለኩ ማዞር በጨለማ መዝራት ነው።

5. ለወፍጮው አንድ ደብተር ይኑረው። ቀኑን፣ የሠራበትን ሰዓት፣ የበላውን ሊትር ጻፉ። ሊትሩ ሲጨምር ሰዓቱ ግን ካልጨመረ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ጌጅ ላይ ያለው ቁጥር ለሁሉም እኩል ይናገራል፤ የሚሰማው ግን ማንበብ ለሚችል ነው። እናንተ አሁን ታነባላችሁ። ከእንግዲህ መካኒኩ «ልክ ነው» ሲላችሁ «ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱንም ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።