ሳያመን ስለምንውጠው ክኒን

(በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባሎች ይደርሳቸው ዘንድ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



የወሩ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድናገር ሊቀመንበራችን ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ ደም ግፊት ነው፤ እናቶቻችን ደም ብዛት ስለሚሉት ማለቴ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን የእድሩን መዝገብ የምይዘው እኔ እንደመሆኔ፣ ማን መቼ እንደተቀበረ የምጽፈው እኔው ነኝ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ምን ነበር ያመማቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ኧረ ምንም አላመማቸው፣ ድንገት ወደቁ እንጂ» የሚለው መልስ በዝቷል። በኋላ ዕቃ ሲነሣ ግን ከትራስጌ ክኒን ይገኛል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ የጎደለለት ክኒን። ያልተዋጠው መድኃኒት እዚያው፣ ሰውየው መቃብር።

ስለዚህ እናንተ በለቅሶ ቤትም በመንገድም የምትጠይቁኝን ጥያቄ በወረቀት ሰብስቤ ወደ ጤና ጣቢያ ወስጄ ነበር። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች በትዕግሥት አስረድተውኛል። ያገኘሁትን መልስ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ ጥያቄ፦ ምንም ሳያመኝ ለምን ክኒን እውጣለሁ?

ይህ ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ነው። ደም ግፊት ማለት ደም በደም ሥር ውስጥ ሲሄድ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ነው። ሲለኩን ሁለት ቁጥር ይነግሩናል፤ የላይኛው ልብ ስትጨመቅ ያለው ነው፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ይባላል። ብዙ ጊዜ ራስ ምታትም ሌላ ምልክትም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ሰውየው ምንም አላመመኝም ሲል ውስጥ ለውስጥ ልብ ይደክማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የአንጎል ደም ሥር ይፈነዳል ወይም ይደፈናል።

ታዲያ ክኒኑ ይህንን እንደሚከላከል በምን ታወቀ? ጥናቱን ላስረዳችሁ። በአሜሪካ አገር ለቀድሞ ወታደሮች በተሠሩ ሆስፒታሎች 143 ወንዶች ተመረጡ፤ የታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 የደረሰ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ጥቅም መስጠቱን የሚጠራጠሩ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ሰዎቹን እንደ እቁብ በዕጣ ከሁለት ከፈሏቸው። ለ73ቱ እውነተኛ መድኃኒት፣ ለ70ዎቹ መልኩ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ተሰጠ።

ዕጣ ለምን አስፈለገ? እቁብ ላይ ዳኛው ለወዳጁ እንዳያደላ ዕጣ እንደምናወጣ ሁሉ፣ ሐኪሙም በርታ ያለውን ሰው ከመድኃኒቱ ወገን፣ የደከመውን ከባዶው ወገን እንዳያደርግ ነው። ባዶው ክኒንስ? ሰው መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ካመነ ብቻ ተሻለኝ ስለሚል ነው።

በአማካይ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ልዩነቱ ወጣ። ባዶውን ከወሰዱት 70 ሰዎች በ27ቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰ፣ ከእነዚህም 4 ሞቱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 73 ሰዎች ከባድ ጉዳት የደረሰው በ2ቱ ላይ ብቻ ነው፣ የሞተም አልነበረም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የታችኛው ቁጥራቸው ከ90 እስከ 114 በሆነ 380 ወንዶች ላይ የተደረገው ወጣ፤ በግፊት ጠንቅ ከባዶው ወገን 19፣ ከመድኃኒቱ ወገን 8 ሰዎች ሞተው ነበር። እንግዲህ ክኒኑን የምንውጠው ዛሬ ለሚያመን ነገር አይደለም፤ ነገ እንዳንወድቅ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ግፊትህ ወርዷል ካሉኝ በኋላ ላቁም?

የወረደው በክኒኑ ነው። ጣራችን ዝናብ አላስገባም ብለን ቆርቆሮውን አንነቅልም። ክብደት የቀነሰ፣ ጨውና መጠጥ የተወ ሰው መድኃኒቱ ሊቀነስለት ይችላል፤ የሚቀንሰው ግን ለክቶ ያየው ባለሙያ ነው። ጸበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። የሚጾም ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ የሚወስድበትን ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በቀን አንዴ የሚወሰዱት ብዙዎቹ ሰዓታቸው ሊስተካከል ይችላል።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ የኔ ስላለቀ የጎረቤቴን ብወስድስ?

አይሆንም። የግፊት መድኃኒት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አምሎዲፒን የሚባለው አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ኢናላፕሪል የሚባለው ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ከወሰደችው ደግሞ ጽንሱን ይጎዳል። እግሬ አበጠ ወይም አሳለኝ ብሎ ዝም ብሎ ማቆምም አይገባም። ሄዶ ቢናገሩ ይለወጥላቸዋል።

አራተኛ ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሽፈራው አይበቃም ወይ?

ምግብ ነውና ይበላ፤ ማንም አልከለከለም። ግን «እገሌ ነጭ ሽንኩርት በልቶ ዳነ» ማለት ጥናት አይደለም። እገሌ በዚያው ወር ክብደት ቀንሶ ይሆናል፣ መለኪያውም ያን ቀን አርፎ ተቀምጦ ስለተለካ ዝቅ ብሎ ይሆናል። እገሌን የምናወዳድርበት ሌላ ወገን ከሌለ እውነቱን መለየት አይቻልም። ስለሆነም ቅጠሉን የሚጠጣ ሰው ክኒኑን አይተው፤ የሚጠጣውንም ለሐኪሙ አይደብቅ።

አምስተኛ ጥያቄ፦ ጨው እስከ ምን ድረስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ወጡ ላይ የምንጨምረው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባበት አለ፣ ቡናውን በጨው የሚጠጣ አለ፣ ዳቦውም ላይ አለ። ቻይና አገር 600 መንደሮችን በዕጣ ከፍለው፣ ለግማሾቹ ሶዲየሙ የተቀነሰና ፖታሲየም የተጨመረበት ጨው ሰጧቸው። 20,995 ሰዎች ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት፣ ያንን ጨው በበሉት ዘንድ ስትሮክ በ14 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። እንዲህ ያለው ጨው ኩላሊት ለሚያመው ሰው አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቅ አይብላ። ለሁላችንም የሚሆነው ግን ጨውን ራሱን መቀነስ ነው።

ስድስተኛ ጥያቄ፦ በፈረንጅ ላይ የተሞከረ ለእኛ ይሠራል?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካኖቹ ጥናት ወንዶች ብቻ ነበሩበት፣ ሴት አልነበረችበትም። ከዚያ ወዲህ ግን ሴቶችም ያሉባቸው ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል። በእኛው አህጉርም በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ 728 ጥቁር ሕሙማን ተመርጠው፣ ሁለት ሁለት መድኃኒት በሦስት ዓይነት እየተጣመረ በዕጣ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥምሮች አምሎዲፒን ከሌለበት ይበልጥ ግፊትን አወረዱ። ስለዚህ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ «ይህ ለፈረንጅ ነው» አትበሉ።

ሰባተኛ ጥያቄ፦ ለጥናት ደም ስጡ ቢሉንስ? መሞከሪያ ሊያደርጉን ይሆን?

ይህ ፍርሃት ከባዶ አልመጣም። በአሜሪካ አገር ተስኪጊ በሚባል ቦታ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ድረስ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ገበሬዎች፣ ፔኒሲሊን እያለ ሳያክሟቸው በሽታው እስከ ምን እንደሚያደርሳቸው ሲያጠኑ ኖረዋል። ለሰዎቹም እውነቱን አልነገሯቸውም። ያ ከተጋለጠ በኋላ ሕጉ ጠብቋል። ዛሬ ጥናት የሚያደርግ ሁሉ አስቀድሞ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መታየት፣ በሚገባን ቋንቋ ማስረዳትና ስምምነታችንን ማግኘት አለበት። እኛም እንጠይቅ፦ ጥናቱ ስለ ምን ነው? ከእኔ የሚወሰደው ምንድን ነው? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ብጎዳ ማን ያክመኛል? ውጤቱ ይነገረኛል ወይ? እምቢ ማለት መብት ነው፤ ከጀመሩ በኋላ መተውም መብት ነው፤ እምቢ በማለቱ መደበኛ ሕክምናው የሚቀርበት ሰው ሊኖር አይገባም። ማንበብ የማይችል አባል የሚያምነውን ሰው ይዞ ይሂድ፤ እኔም ብጠራ እመጣለሁ። ነገር ግን ሁላችንም እምቢ ብንል፣ መድኃኒቱ ለእኛ መሥራቱን የሚያውቅ ሰው እንደማይኖር አንርሳ።

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንድ ሰው ፊቱ ወይም አፉ ባንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጁን ማንሳት ካቃተው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ ስታሹ አትዋሉ። ስትሮክ ነውና ደቂቃ ሳታባክኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። የሚበላም የሚጠጣም፣ ክኒንም ቢሆን፣ በአፉ አትስጡት፤ ትን ሊለው ይችላል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። እድራችን አዲስ ድንኳን ለመግዛት ገንዘብ ማስቀመጡ ይታወቃል። ድንኳኑ አያስፈልግም አላልኩም፤ አሮጌው እንደሚያፈስ ሁላችንም ቆመንበት አይተናል። ሆኖም ከዚያው ገንዘብ ላይ ጥቂት ተቀንሶ አንድ የግፊት መለኪያ እንዲገዛ፣ በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን ለሚፈልግ አባል ሁሉ እንዲለካ ሐሳብ አቀርባለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለካኩን ልታሳየን ፈቃደኛ ሆናለች። የሚለካ ሰው ከግማሽ ሰዓት ወዲህ ቡና ያልጠጣ፣ ሲጋራም ያላጨሰ፣ ሽንቱን የሸና፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይሁን፤ ጀርባውን ደገፍ፣ እግሩን መሬት፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ ያድርግ። ሁለት ጊዜ ይለካል። ቁጥሩ ለራሱ በወረቀት ይሰጠዋል እንጂ በእድሩ መዝገብ አይጻፍም፣ ለሌላም አይነገርም። ከፍ ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ እኛ መድኃኒት አናዝም።

«እድር ለቀብር ነው እንጂ ለሕክምና አይደለም» ያሉኝ አባቶች አሉ። ደንባችን እንደዚያ መሆኑን አውቃለሁ፤ መዝገቡም እኔ ዘንድ ነው። ግን አንድ አባል በድንገት ሲሞት እድሩ የሚያወጣው ገንዘብ ከመለኪያው ዋጋ እንደሚበልጥ ሒሳቡን ያዥው ሊመሰክሩ ይችላሉ። ከገንዘቡም በላይ፣ ልጆች ያለ አባት ያለ እናት ይቀራሉ።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድምፅ ስለሚሰጥበት፣ የምትደግፉም የምትቃወሙም እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ክኒን ከቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ ዛሬ ማታ አውጥቶ ይየው። ካቋረጠ ነገ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይለካ።

 

የእድሩ ጸሐፊ